አንድ ስም፣ ሦስት ዕጣ፦ ኮል ኦፍ ዱቲ በኪስ ውስጥ

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በኮንሶልና በኮምፒውተር ስሙን የተከለ ትልቅ ጌም ስልክ ላይ፣ ወይም በእጅ በሚያዝ መጫወቻ ላይ ይቀናዋል ወይ? "ይቀናዋል" ለሚል ሰው ማስረጃ ሞልቷል፤ "አይቀናውም" ለሚለውም አያንስም። ነገሩ በጥቅሉ ከተያዘ እስከ ነገ ብንከራከር አያልቅም። ስለዚህ ዛሬ አንድ ስም እንያዝና ወደ ትንሹ ስክሪን ሲወርድ የገጠመውን እንከተል። ኮል ኦፍ ዱቲ የተባለው የጦርነት ተኩስ ጌም ለዚህ ይመቻል። ወደ ኪስ የወረደው ብዙ ጊዜ ነው፤ ሦስቱ ግን ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብዙ ይናገራሉ። ስሙ ያው፣ አታሚው አክቲቪዥን ያው፤ አወራረዱ ግን የተለያየ ነው፣ ዕጣውም ለየቅል። ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

የመጀመሪያው የ2012ቱ ነው። ሶኒ ፕሌይስቴሽን ቪታን ካወጣ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። መሣሪያው በወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም፦ 5 ኢንች ኦሌድ ስክሪን፣ በዚያ ላይ ሁለት አናሎግ፣ ማለትም በአውራ ጣት የሚገፉ ትንንሽ በትሮች። ከእሱ በፊት የነበረው ፒኤስፒ አናሎጉ አንድ ብቻ ስለነበር የተኩስ ጌም የሚጫወት ሰው በአንዱ እየተራመደ በቁልፍ ነበር የሚያነጣጥረው፤ ያ ደግሞ በማንኪያ ሚስማር እንደመምታት ነው። ቪታ ይህን ፈታ። በኖቬምበር ኮል ኦፍ ዱቲ ብላክ ኦፕስ ዲክላሲፋይድ በ50 ዶላር ወጣ፤ ገዢዎች ከፍተው ሲያዩት ለብቻ የሚጫወቱት ክፍል በአንድ ሰዓት ገደማ የሚያልቅ ሆኖ ተገኘ። ገምጋሚዎች አላዘኑለትም። ዋናውን ብላክ ኦፕስ የሠራው ትሬያርክ የተባለው ስቱዲዮ ነው፤ የቪታው ግን ኒሂሊስቲክ ለሚባል አነስተኛ ስቱዲዮ ተሰጠ። ስሙ ትልቅ፣ ሥራው ትንሽ። አቅም የጎደለው መሣሪያው አልነበረም፤ ለእሱ የተመደበው ጉልበት ነው የጎደለው። ይህን የምለው ቪታን ንጹሕ ለማድረግ አይደለም። ሶኒ ለቪታ ብቻ የሚሆን የራሱን ሚሞሪ ካርድ አስገድዶ ይሸጥ ነበር፤ ባለ 32 ጊጋው 100 ዶላር። መሣሪያው፣ ካርዱ፣ ጌሙ ተደምሮ ኪስ ሲደርስ ብዙ ሰው ወደ ኋላ አለ።

ሁለተኛው ኮል ኦፍ ዱቲ ሞባይል ነው፤ የወጣው ኦክቶበር 1 ቀን 2019። የሠራው የቻይናው ኩባንያ የቴንሰንት ቲሚ ስቱዲዮ ነው። የአፕ ገበያን የሚያጠናው ሴንሰር ታወር እንደገመተው በመጀመሪያው ሳምንት 100 ሚሊዮን ጊዜ ወርዷል፤ አክቲቪዥን ራሱ በ2021 ከ500 ሚሊዮን ማለፉን አስታውቋል። ሦስተኛው ዋርዞን ሞባይል ነው፦ ማርች 21 ቀን 2024 ወጣ፣ በሜይ 2025 ከመደብሮች ተነሳ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር። አክቲቪዥን የሰጠው ምክንያት፣ በኮምፒውተርና በኮንሶል ተጫዋቾች ዘንድ ያገኘውን ተቀባይነት በዋናነት በስልክ ከሚጫወቱት ዘንድ አላገኘም የሚል ነበር። ይህ የውጤቱ መግለጫ ነው፤ ምክንያቱን ከውስጥ እንፈልገው።

ሁለቱ የስልክ ጌሞች በመሠረታቸው ይለያያሉ። የ2019ኙ በዩኒቲ ሞተር (ጌም በሚሠራበት ሶፍትዌር) ከዜሮ ለስልክ ተሠራ። ኑክታውንን፣ ክራሽን፣ ስታንድኦፍን የመሰሉ የድሮ ማፖችን (የመጫወቻ ሜዳዎችን) ወሰደ፤ ማፖቹ ትንንሽ ናቸው፣ 5 ለ5 ይጫወቱባቸዋል፣ ታክሲ እስኪሞላ አንድ ዙር ያልቃል። ሲወጣ የሚጠይቀው አንድሮይድ 5.1 እና 2 ጊጋ ራም ነበር። የ2024ቱ ግን የቆመበት ሐሳብ ተቃራኒ ነው። የኮንሶሉንና የኮምፒውተሩን ትልቁን ዋርዞን እንዳለ ማውረድ፦ ያው ቴክኖሎጂ፣ ያው ቨርዳንስክ የተባለው ማፕ፣ እስከ 120 ሰው በአንድ ማፕ፣ መሣሪያውና ደረጃው ከኮንሶሉ ጋር የተያያዘ። ማስታወቂያው ያምራል። በስልክ ቤት ግን እያንዳንዱ ቃል ወጪ አለው፤ ወጪውን የሚከፍለው ደግሞ በመጀመሪያ የተጫዋቹ እጅ ነው።

ከእጁ እንጀምር። አንድ የኮል ኦፍ ዱቲ ተጫዋች የሚያደርገውን ቁጠሩ፦ ይራመዳል፣ ይዞራል፣ ያነጣጥራል፣ ይተኩሳል፣ ጥይት ይሞላል፣ ይዘላል፣ ይንበረከካል፣ መሣሪያ ይለውጣል፣ ቦምብ ይወረውራል፣ በቅርብ ያገኘውን በሰደፍ ይመታል። አሥር ሥራ። ጆይስቲክ ላይ ሁለት አውራ ጣትና ሁለት ጠቋሚ ጣት ይካፈሉታል፤ ቁልፎቹም በዳሰሳ ይታወቃሉ። ስልክ ላይ ያለው ሁለት አውራ ጣት ነው፤ እነሱም የሚሠሩበትን ስክሪን ይጋርዳሉ፣ የት እንዳረፉም ሳያዩ አያውቁም። አንድሮይድ ለአንድ የሚነካ ቁልፍ የሚመክረው ስፋት 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አሥር እንዲህ ያለ ክብ 6 ኢንች ተኩል ስክሪን ላይ ደርድሩና ጠላት የሚታይበት ስንት ቦታ እንደተረፈ እዩ።

ቲሚ ይህን የፈታው ቁልፍ በማሳነስ አይደለም፤ ሥራ በመቀነስ ነው። ሲጀምሩ ሁለት አማራጭ ይቀርባል። በቀላሉ አሠራር የማነጣጠሪያው መስቀል ጠላት ላይ ሲያርፍ ጥይቱ በራሱ ይተኮሳል፤ አውራ ጣት ከአንድ ትልቅ ሥራ ያርፋል። በሁለተኛው አሠራር ተጫዋቹ ራሱ ይተኩሳል፤ የመተኮሻው ክብ ላይ ጣቱን እንደጫነ ቢጎትተው ግን እይታውም አብሮ ይዞራል፤ ሁለት ሥራ በአንድ ጣት። ስልኩን በማዘንበል ማነጣጠርም ይቻላል፤ የለመደ ሰው ለጥቃቅን ማስተካከያ ከአውራ ጣት ይሻለዋል። ቁልፎቹን ማንቀሳቀስ፣ ማሳነስ፣ ማደብዘዝ ለሁሉም ክፍት ነው። አራት ጣት የሚጠቀሙትም፣ ሁለት ጠቋሚ ጣቶቻቸውን እንደ ጥፍር አጉብጠው ከላይ የሚያሳርፉት፣ ቁልፎቹን ወደ ላይ ጥግ ያወጣሉ።

እዚህ ላይ ጎላ አድርጌ የማነሳው አንድ ነገር አለ፤ ጆይስቲክ ከስልኩ ጋር የሚያገናኝ ተጫዋች የሚመደበው ጆይስቲክ ከያዙ ጋር ነው፤ በኮምፒውተር ኢሙሌተር (ስልክን በሚያስመስል ፕሮግራም) የሚገባም ከመሰሎቹ ጋር። ይህ ባይኖር ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ በጣት የሚጫወተው ሁሉ በማውስ ከሚያነጣጥረው ጋር ገጥሞ፣ ተሸንፎ፣ ጌሙን አጥፍቶት ነበር። ብዙ ሠሪዎች ይህን እንደ ትርፍ ጉዳይ ያዩታል፤ የመጀመሪያው ቀን ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ ሙቀቱ። ፕሌይስቴሽን 5 ከባድ ጌም ሲጫወት ከግድግዳ 200 ዋት አካባቢ ይስባል፤ ትልቅ ማራገቢያም አለው። ስልክ ማራገቢያ የለውም። ሙቀቱን የሚያስወጣው በገላው ነው፤ ገላው ደግሞ በእጅ ታቅፏል። በቋሚነት ሊያስወጣ የሚችለው ከ3 እስከ 5 ዋት ገደማ ነው። አዲስ ስልክ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከዚህ በላይ ይሮጣል፤ ማስታወቂያውና ብዙው የዩቲዩብ ሙከራ የሚቀረጸውም በእነዚህ ደቂቃዎች ነው። ከዚያ ገላው እጅ ወደሚቆረቁርበት ደረጃ ሲቃረብ ሲስተሙ የቺፑን ፍጥነት ያወርዳል። በሰከንድ 60 ፍሬም (ሥዕል) የነበረው 40 ይሆናል፤ ወርዶ ቢረጋ ደግ ነበር፣ ከፍ ዝቅ እያለ ይንገጫገጫል። ብዙ ጊዜ "ላግ አለው" ተብሎ በኔትወርክ የሚሳበበው ይሄ ነው።

የጌም ሠሪ ሆናችሁ ይህን ለመለካት መንገዱ ረጅም አይደለም። ቻርጀር ንቀሉ፣ የስልኩን ሽፋን አውልቁ፣ የስክሪን ብርሃኑን ግማሽ ላይ አቁሙት፣ ባትሪ ቆጣቢውን አጥፉ። 30 ደቂቃ ሙሉ እውነተኛ ዙር ተጫወቱ፤ ሜኑ ላይ መቀመጥ አይቆጠርም። በየ5 ደቂቃው የፍሬም መጠንና የባትሪ ሙቀት መዝግቡ። የምትሸጡት ጌም የመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ውጤት ነው፤ የመጀመሪያዎቹን እርሱ። ከዚያም ሽፋኑን መልሳችሁ ድገሙት፤ ተጫዋቹ ሽፋን አያወልቅማ።

ባትሪውንም አብራችሁ አስሉ። 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት በ3.85 ቮልት ሲባዛ 19 ዋት ሰዓት ነው። ስክሪኑንና ኔትወርኩን ጨምሮ 7 ዋት የሚበላ ጌም ባትሪውን በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ 4 ዋት የሚበላው ወደ 5 ሰዓት ይጠጋል። ስልክ ደግሞ ለጌም ብቻ የተገዛ አይደለም፤ ማታ እናቱ የምትደውልበት ነው። ባትሪ የሚጨርስ ጌም ከስልኩ የሚጠፋው በዚህ ነው።

የኮንሶል ሞተር እንዳለ ሲወርድ የሚበዛው ሙቀት ከየት ይመጣል ብትሉ፣ ትልቁ ድርሻ ከሚሞሪ ምልልስ ነው። የስልክ ጂፒዩ (ሥዕል የሚሠራው የቺፑ ክፍል) ሥዕሉን እንደ ወለል ንጣፍ በትንንሽ ሰድር ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱን ሰድር ቺፑ ውስጥ ጨርሶ ነው የሚያወጣው። የትልልቆቹ ጌሞች አሠራር ግን ብዙ ጊዜ የብርሃኑን፣ የቀለሙን፣ የጥልቀቱን ሙሉ ሥዕል እየደረበ ወደ ሚሞሪ ጽፎ መልሶ ያነባል። ኮንሶል ላይ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ስልክ ላይ እያንዳንዱ ምልልስ ዋት ነው፤ ዋቱም በገላው በኩል መውጣት አለበት። ቴክስቸሮቹም (የነገሮቹን ገጽ የሚያለብሱት ሥዕሎች) በስልኩ ፎርማት፣ በኤኤስቲሲ፣ እንደ አዲስ ይታመቃሉ፤ ጎናቸው በግማሽ ሲቀነስ የሚይዙት ቦታ ወደ ሩብ ይወርዳል። ዋርዞን ሞባይል ሲወጣ ተጫዋቾች በብዛት ያማረሩት በሙቀት፣ በባትሪና በደበዘዘ ሥዕል ነበር። ቴክስቸሩን በጨዋታው መሀል በኢንተርኔት እያወረደ እንዲሞላ የተደረገው ጌሙ ሲጫን እንዳይገዝፍ ነው፤ ኔትወርኩ ሲደክም ግን ግድግዳው እንደ ጭቃ ሆኖ ይቀራል፣ ዳታውም ያልቃል። ጥሩ ዋይፋይ ላለው ብልሃት ነው። በሞባይል ዳታ ለሚጫወት ሰው ግን ቀዳዳ ጀሪካን ማለት ነው።

እግረ መንገዴን፣ እኛን በቀጥታ የሚነካ አንድ ሒሳብ ላንሳ። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት የአየር መስመሩ 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ደርሶ መልስ ቢያንስ 53 ሚሊ ሰከንድ። ገመዱ ግን እንደ አሞራ ቀጥ ብሎ አይበርም፤ ለምሳሌ በጅቡቲ ወጥቶ በቀይ ባሕር ይዞራል፣ በየጣቢያውም ይቆያል። ሰርቨሩ አውሮፓ ያለ ጌም ፒንጉ (የደርሶ መልስ ጊዜው) ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ቢሆንባችሁ ስልካችሁን አትውቀሱ፤ ፓኬጅ በመቀየርም አይወርድም። የጌሙ ባለቤት ሰርቨሩን ሲያቀርብ ብቻ ነው የሚሻለው።

ወደ ሦስቱ ልመለስ። የዋርዞን ሞባይል ሌላው ጣጣ ከኮንሶሉ ጋር የታሰረበት ገመድ ነው፤ ይህ የኔ ግምገማ ነው። ደረጃና መሣሪያ የጋራ ከሆነ ኮንሶሉ ላይ የተጨመረ ጠመንጃ ሁሉ ለስልክ መታነጽ አለበት፤ ኮንሶሉ ሲሮጥ ስልኩ እያነከሰ ይከተላል። ኮል ኦፍ ዱቲ ሞባይል የራሱ ሲዝን፣ የራሱ መሣሪያ፣ የራሱ ሒሳብ አለው፤ ቢዘገይም የሚዘገየው በራሱ ቤት ነው።

መለየት ብቻውን ግን አያድንም። አፔክስ ሌጀንድስ ሞባይል የተባለው ሌላ የተኩስ ጌም በሜይ 2022 ወጣ፤ ለብቻው ለስልክ የተሠራ፣ የሚያምር ጌም ነበር። አፕል የዓመቱ የአይፎን ጌም ብሎ ሸለመው። ሽልማቱ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ በጃንዋሪ 2023 መጨረሻ፣ አታሚው ኤሌክትሮኒክ አርትስ እንደሚዘጋው አስታወቀ፤ በሜይ 1 ተዘጋ። ምክንያቱ አዲስ ይዘቱ በጥራትም፣ በብዛትም፣ በሚወጣበት ፍጥነትም የሚፈለገውን ያህል አልሆነም የሚል ነው። የተለየ ጌም የተለየ ጓዳ ማለት ነው፤ በየስድስት ሳምንቱ ወይም በየሁለት ወሩ እንግዳ ይመጣል፣ ምግቡ ደግሞ ትናንት ያልበላው መሆን አለበት። ይህንን ለዓመታት የሚመግብ ሠራተኛ ሳይመድቡ መጀመር ከቪታው ስሕተት ብዙም አይርቅም።

ገንዘቡ ላይ አንድ የኒንቴንዶ ማነጻጸሪያ ይበቃናል። ሱፐር ማሪዮ ረን በዲሴምበር 2016 በአይፎን ወጣ። በአንድ ጣት ይጫወቱታል፣ አሠራሩ ለስልክ የተለካ ነው፤ መጀመሪያው በነፃ፣ ሙሉው 10 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ምንም ክፍያ የለም። ተጫዋቹን የሚያከብር ዋጋ ነበር። በኦክቶበር 2017 ወደ 200 ሚሊዮን ጊዜ ወርዶ እንኳ ኒንቴንዶ የሚፈልገው ትርፍ ላይ አለመድረሱን ራሱ ተናገረ። በፌብሩዋሪ 2017 የወጣው ፋየር ኤምብለም ሂሮስ ግን ከማሪዮ በስም እጅግ ያነሰ ሆኖ ሳለ ከኒንቴንዶ የስልክ ጌሞች ሁሉ የላቀ ገቢ አስገኘ፤ ገጸ ባሕርያቱ በዕጣ ነው የሚወጡት፣ ያልወጣለት ደግሞ ይከፍላል። ይህ ጥሩ ዜና አይደለም፤ ግን እውነት ነው። ስልክ ላይ ነፃ የለመደ ሰው 10 ዶላር ቆጥሮ ለመክፈል ይከብደዋል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲወስዱበት ግን አይታወቀውም። በአይፎን 15 ፕሮ ላይ እንዳሉ የመጡት የኮንሶል ጌሞች፣ ረዚደንት ኢቭል ቪሌጅ በ2023፣ አሳሲንስ ክሪድ ሚራዥ በ2024፣ ሚራዥ በ50 ዶላር፣ የገጠማቸው ይህ ግድግዳ ነው። ቺፑ ችሏል። ስክሪኑ ላይ የተደረደሩት ክቦች ግን የኮንሶሉ ቁልፎች ናቸው፤ ዋጋውም የኮንሶሉ።

አሁን ቁልፍ ወዳላቸው መጫወቻዎች እንሻገር፤ እዚያ ሚዛኑ ይለወጣል። መጫወቻውን የገዛ ሰው ለጌም ብሎ ነው የገዛው፤ 40 እና 60 ዶላር መክፈል ለምዷል፤ አውራ ጣቱ ስክሪን አይጋርድም። የሚቀሩት ሙቀት፣ ባትሪና የስክሪኑ መጠን ናቸው።

ሙቀትና ባትሪ ያኔም ነበሩ። ፒኤስፒ በ2004 ሲወጣ ፕሮሰሰሩ 333 ሜጋኸርዝ መሮጥ እየቻለ ሶኒ ለጌሞች 222 ላይ ገድቦት ነበር፤ ባትሪውን ለማትረፍ። ገደቡ የተነሳው በ2007 ነው፤ በማግስቱ ዓመት የመጣው ጎድ ኦፍ ዋር ቼይንስ ኦፍ ኦሊምፐስ ሙሉውን ፍጥነት ተጠቀመበት። ሞንስተር ሀንተር የተባለው የአደን ጌም ደግሞ ለጌሙ ሲባል እጅ ሲታጠፍ ያየንበት ነው፤ ሁለተኛ አናሎግ ስለሌለ ጃፓኖቹ ግራ አውራ ጣታቸውን አናሎጉ ላይ አሳርፈው፣ በግራ ጠቋሚ ጣታቸው የአቅጣጫ ቁልፎቹን እየጫኑ ካሜራውን ያዞሩ ነበር። ይህ ሁሉ አላገዳቸውም፤ ምክንያቱም አራት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ገጥሞ አብሮ የሚያድንበት ጌም ሌላ የት ይገኛል? ኮንሶሉ የማይሰጠውን ሰጣቸው። ጌሙ ወደ ኒንቴንዶ 3ዲኤስ ሲሻገር ኒንቴንዶ በ2011 ከጎን የሚገጠም ተጨማሪ አናሎግ እስከ መሸጥ ደረሰ፤ በአንዲት ትንሽ የሪሞት ባትሪ የሚሠራ። ስም መሣሪያን ሲያስተካክል እንዲህ ነው።

በኒንቴንዶ ስዊች ላይ ዊቸር 3 የተባለው ትልቅ ጌም መውረዱ የቅነሳ ትምህርት ነው። በ2019 ሳበር ኢንተራክቲቭ ጌሙን ከነጭማሪዎቹ 32 ጊጋ ካርድ ውስጥ አስገባው፤ በእጅ ሲያዝ የሥዕሉ ጥራት 540 መስመር አካባቢ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም። ሣሩ ሳሳ፣ ጥላው ደበዘዘ፣ ሩቁ ዛፍ ጠፋ። ያልተነካው ታሪኩና ዓለሙ ነው። ቅነሳ ሲደረግ ጥያቄው ይኸው ነው፤ ሰዎች ጌሙን የወደዱት ለየትኛው ነው? ዊቸርን ለሣሩ የሚጫወት የለም። ለተኩስ ጌም ግን የፍሬም ብዛቱ ራሱ ጌሙ ነው፤ ከ60 ወደ 30 ሲወርድ የአናሎጉ በትር እጅ ላይ ይከብዳል።

በ2022 የወጣው ስቲም ዴክ፣ ቫልቭ የተባለው ኩባንያ የሠራው በእጅ የሚያዝ መጫወቻ ኮምፒውተር፣ ለዚህ መሀል ቤት አበጀ። ስክሪኑ 60 ጊዜ ሲያድስ አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፣ በ30 ደግሞ 33.3። ስክሪኑን 40 ላይ ብታቆሙት 25 ይሆናል፤ ከሁለቱ እኩል መሀል። ዓይን የ40ን ለስላሳነት ወዲያው ያያል፤ ባትሪውም ከ60 በጣም ይሻላል። የመጀመሪያው ሞዴል ባትሪ 40 ዋት ሰዓት ነው፤ ቺፑ ብቻውን እስከ 15 ዋት ይበላል፣ ከስክሪንና ከማራገቢያው ጋር 25 ሲደርስ አንድ ሰዓት ከግማሽ ብቻ ነው ያላችሁ። ፍሬሙን መገደብ፣ ከዚያም የቺፑን ዋት 8 ወይም 9 ላይ ማውረድ፤ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ዋቱን ቀድማችሁ ካወረዳችሁ ፍሬሙ ይንገጫገጫል። ስለ ጽሑፍም ቫልቭ ግልጽ መስፈርት አለው፦ በ1280 በ800 ስክሪን ላይ ትንሿ ፊደል ከ9 ፒክስል ቁመት እንዳታንስ። ሦስት ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ቴሌቪዥን የተሠራ ሜኑ እዚህ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚህ ነው። የፊደል ማሳደጊያ ከሌለው፣ የቀረው ሁሉ ቢያምርም፣ ዓይን በሃያ ደቂቃ ይደክማል።

ታዲያ ስቲም ዴክ ሁለት አናሎግ አለው፣ ማራገቢያ አለው፣ ለጌም የሚከፍል ባለቤት አለው። ኮል ኦፍ ዱቲን ግን በራሱ ሲስተም አያስነሳም። ምክንያቱ ጉልበት ወይም ባትሪ አይደለም። የጌሙ ፀረ ማጭበርበሪያ፣ ሪኮሼ፣ የዊንዶውስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ገብቶ ነው የሚቆጣጠረው፤ ስቲም ዴክ የሚሠራው በሊኑክስ ነው፣ ከርነሉም ሌላ ነው። አፔክስም በ2024 መጨረሻ በዚሁ በማጭበርበር ምክንያት ለሊኑክስ በሩን ዘግቷል፤ ከዚያ በፊት ደህና ይሠራ ነበር። ዊንዶውስ ጭነውበት ኮል ኦፍ ዱቲን የሚጫወቱ አሉ። ሲጭኑ ግን አንድ ቁልፍ ተጭኖ ማስተኛት፣ በሌላ ጊዜ ካቆሙበት መቀጠል፣ ያ ሁሉ እንደ ድሮው አይታመንም፤ ጌሙን በኪስ ይዞ መዞርን ትርጉም የሚሰጠው ደግሞ እሱ ነበር።